ከገና ማግስት የሚቀጥል አገልግሎት፦ የአጥቢያ ወጣቶችና የጤና ትምህርት በላስታ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በየዓመቱ የታኅሣሥ ወር ሲጋመስ ወደ ላሊበላ የሚያመሩ መንገዶች በእግረኛ ይሞላሉ። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጋይንትና ከጎጃም ስንቃቸውን አንግተው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ቀናት የተጓዙ ምእመናን ወደ ቅዱሱ ስፍራ ሲደርሱ፣ የከተማይቱ ወጣቶች ውኃ አሙቀው ሳፋ ይዘው ይቀበሏቸዋል። የደከመውን እግር ያጥባሉ፤ ዳቦና ንፍሮ ያቀርባሉ፤ አረጋውያንን ደግፈው ወደ ማረፊያ ያደርሳሉ። ለዚህ ድካማቸው አበል የሚከፍላቸው የለም፤ እነርሱም አይጠይቁም።

በዓለ ልደት ተከብሮ፣ «ቤዛ ኩሉ» ተዘምሮ፣ ምእመናን ወደየመጡበት ሲመለሱ ግን ሳፋው እስከሚመጣው ገና ድረስ ይሰቀላል። በዚያው በላስታ፣ ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የጥቂት ሰዓታት መንገድ ርቀው በሚገኙ አጥቢያዎች ፊታቸው ያልታጠበ ሕፃናት አሉ፤ ብርሃናቸው ቀስ በቀስ የሚጠፋባቸው እናቶችም አሉ። ለእንግዳ እግር የተዘረጋው እጅ ለጎረቤት ፊት እንዲዘረጋ ምን ማድረግ ይገባናል? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠና የሰበካ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን ለይቶ እንዲያውቅ እንሻለን፦ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን ምን መሠረት እንዳለው፣ ወጣቶች በጤና ትምህርት ቢሰማሩ በአንድ አጥቢያ ምን ሊለወጥ እንደሚችል፣ እንዲሁም አገልግሎቱ በሥልጠና ቀን ተጀምሮ በሥልጠና ቀን እንዳይጨረስ እንዴት እንደሚደራጅ ነው።

1. መሠረቱ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7 ያለው ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ዐቢይ አብነት ነው። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ማኅበረ ምእመናን እያደገች ስትሄድ፣ ግሪክኛ ተናጋሪ ከሆኑት ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ እደላ ተዘነጉ የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ሐዋርያት ያደረጉትን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

በመጀመሪያ ጉርምርምታውን አልገሠጹም፤ ሰሙት። ሁለተኛ፣ ምርጫውን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ ሕዝቡ ከመካከሉ እንዲመርጥ ነገሩት። ሦስተኛ፣ መመዘኛ አወጡ፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ጠየቁ። አራተኛ፣ የተመረጡት በፊታቸው በቆሙ ጊዜ ጸለዩላቸው፣ እጃቸውንም ጫኑባቸው። ፍሬውን ቅዱስ ሉቃስ ሲነግረን የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ መሄዱን ይጽፋል። የመበለቶች ማዕድ ሲስተካከል ስብከቱም ሰፋ ማለት ነው።

ማዕድን ማገልገል እንደ ዝቅተኛ ሥራ አልተቈጠረም። ለዚህ አገልግሎት ከተመረጡት ሰባቱ አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እኛ ዲያቆናትም መዓርጋችን ከዚያ ማዕድ እንደሚጀምር ማስታወስ ይጠቅመናል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒት ከእግዚአብሔር የተሰጠ እንደሆነ ያስተምራል። ስለዚህ የጤና ትምህርት ከውጭ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሥራ በተደራጀ መልኩ ለማከናወን በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ተቋሟን መሥርታለች። በቃለ ዓዋዲ መሠረት የሚቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ላይ የያዘ ነው። እንግዲህ ወጣቶችን ለማሰማራት አዲስ መዋቅር አያሻንም፤ ያለው መዋቅር እንዲሠራ ማድረግ ይበቃል።

2. አንድ ችግር ለይቶ መያዝ፦ የዓይን ማዝ

ብዙ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች የሚደክሙት ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማስተማር ስለሚነሡ ነው። ስለዚህ አጥቢያው አንድ ችግር ለይቶ እንዲጀምር እንመክራለን። በዚህ ትምህርት በምሳሌነት የምንወስደው ትራኮማን፣ ማለትም የዓይን ማዝን ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከ10ሩ 6 ያህሉ በሽታው በዓይናቸው ላይ ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በተሰጠው የጅምላ መድኃኒት ብዙ ለውጥ ቢመጣም፣ ውኃ በራቀባቸው ደጋማ ቀበሌዎች ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። መንሥኤው በዓይን የምትታይ ያልሆነች ረቂቅ ተሕዋስ ናት። ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጋራ ፎጣና ነጠላ፣ እንዲሁም የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ በምትፈልግ ዝንብ አማካይነት ትተላለፋለች። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የላይኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን ያጠብሰዋል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ የተቀለበሰው የዓይን ፀጉርም በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቀዋል። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ሕፃናትን የሚያሳድጉት፣ የሚያቅፉትና ፊታቸውን የሚጠርጉት እናቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል።

በላስታ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ያንጠለጠሉ እናቶችን ያላየ ካህን ይኖራል ብዬ አላስብም። ያ ወረንጦ ጌጥ አይደለም። የተቀለበሰውን ፀጉር የሚነቅሉበት ነው፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

መከላከያው አራት ክፍል አለው፦ ሽፋኑ ለተቀለበሰ ሰው ቀላል ቀዶ ሕክምና፣ ለማኅበረሰቡ በጅምላ የሚታደል መድኃኒት (ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት የዓይን ቅባት)፣ የፊት ንጽሕና፣ እንዲሁም የውኃና የመጸዳጃ ቤት መሻሻል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ያለ ጎረቤት፣ ያለ ወጣትና ያለ ካህን አይፈጸሙም።

በሽታው የማይሸነፍ አይደለም። ከ200 ዓመት በፊት ከግብፅ ዘመቻ በተመለሱ ወታደሮች ምክንያት በእንግሊዝ አገር ተስፋፍቶ፣ በ1805 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በለንደን የዓይን ሆስፒታል እስኪከፈት ድረስ አስጨንቆ ነበር። በአውሮፓ አብዛኛውን ያጠፋው ዛሬ የምናውቀው መድኃኒት ሳይሆን የኑሮና የንጽሕና መሻሻል ነው። በአህጉራችንም ጋና በ2010 ዓ.ም. ትራኮማን የማኅበረሰብ የጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል።

3. ከስሕተታችን የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በላስታ ደጋ በሚገኝ አንድ አጥቢያ፣ እኔም በአስተባባሪነት ተሳትፌ፣ አሥራ ሁለት ወጣቶች ለሦስት ቀን ሠለጠኑ። ስሞቹ የመጡት በደብዳቤ ነበር፤ ማን እንደ መረጣቸው አልጠየቅንም። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። የሥልጠና አበል ተከፈለ፤ ከነቴራ ታደለ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። በሦስተኛው ወር ስመለስ በሥራ ላይ ያገኘኋቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ገሚሶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርደዋል፤ ገሚሶቹም ቀጣዩን አበል እየጠበቁ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን ይህ አልነበረም። ከቤት ወደ ቤት ስንሄድ ሦስት ልጆች በዙሪያዋ የተኮለኮሉባትን አንዲት እናት አገኘን።

«እናቴ፣ የልጆቹን ፊት በየቀኑ ያጥቧቸዋል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «ዲያቆን፣ ማጠብ መልካም መሆኑን አጥቼው አይደለም። ምንጩ ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ሽቅቡ ከነሸክሙ ሁለት። አንዷን ጀሪካን ለወጡ ላድርጋት፣ ለጥጃው ወይስ ለፊት? በእናንተ ወረቀት ላይ ውኃው ቅርብ ነው» አለች።

ተከዜን ከሚያፈልቁ ተራሮች ሥር የምትኖር እናት ናት ይህን የምትናገረው። መልስ አልነበረኝም። ሐዋርያት አስቀድመው የሰሙትን ጉርምርምታ እኛ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሰማነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርነው። በማርያም በዓል ከቅዳሴ በኋላ እናቶችን በዛፍ ጥላ ሰብስበን ምን እንደሚያስቸግራቸው ጠየቅን። ሦስት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ ለፊት የሚያስፈልገው ጀሪካን ሳይሆን ጥቂት ውኃ እንደሆነ በተግባር ታየ፤ ክዳኑ የተበሳ ባዶ ሃይላንድ በአጥር ላይ ተሰቅሎ አንድ ጣሳ ውኃ በቀጭኑ እየፈሰሰ የሦስቱንም ልጆች ፊት አጠበ። ሁለተኛ፣ አህያ ያላቸው ቤተሰቦች በሳምንት ሁለት ቀን አህያቸውን ለወጣቶቹ ሊያውሱ፣ ወጣቶቹም ለአረጋውያንና ለዓይነ ስውራን ቤት ውኃ ሊያደርሱ ተስማሙ። ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ከቀበሌው ጋር ሆኖ ምንጩ እንዲጎለብት ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ይህ ሦስተኛው ጊዜ ወስዷል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ ይጠብቅ ስለነበር ጥያቄው አልተረሳም።

ከጸኑት ሁለት ወጣቶች አንዷ ዓይነ ስውር አያቷን ለመምራት ስትል ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ነበረች። ከደብዳቤው ስም ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም፤ ራሷ መጥታ ነው በሥልጠናው የተቀመጠችው። በሥልጠናው የዓይን ፀጉር መቀልበስ ምልክቱን ከተማረች በኋላ ቤቷ ገብታ መጀመሪያ የተመለከተችው የእናቷን አንገት ነው። ወረንጦ ነበረበት። የአያቷ ዓይን ጊዜው አልፎበታል፤ የእናቷ ግን አላለፈበትም።

እናትዬው ግን ቀዶ ሕክምና መሄድን ፈራች፤ ብዙዎችም እንደ እርሷ ፈሩ። ዓይን ሲነካ ይጠፋል የሚል ወሬ ነበር። ፍርሃቱን የሰበረው የእኛ ትምህርት አይደለም። በአጥቢያው ቄሰ ገበዝ ሆነው ለብዙ ዓመት ያገለገሉ አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሠርተው ነበርና በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ የአንዲት ጠዋት ሥራ ፈርቼ ሰባት ዓመት ዓይኔን በወረንጦ ስነቅል ኖርሁ። እናንተ እንደ እኔ አትሁኑ» አሉ። በሚቀጥለው የሕክምና ቀን እናቶቹ ተከታትለው ወረዱ፤ የልጅቷም እናት አብራ ወረደች። በመስከረም ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አያትዬውን ለመምራት ተራ ገቡ፤ ልጅቷም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ይህን የምጽፈው ሥራው የተዋጣለት ነበር ለማለት አይደለም። የሄዱት ወጣቶች አብዛኞቹ አልተመለሱም። ነገር ግን የወጣቶች ልማት ማለት ወጣቱን ለእኛ ዕቅድ ማሠራት ብቻ እንዳልሆነ፣ እርሱ ራሱ ከቆመበት አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል መርዳትም እንደሆነ ከዚያች ልጅ ተምሬአለሁ።

4. አሠራሩ

ሀ. ምርጫ። ምርጫው በደብዳቤ ሳይሆን በጉባኤ ይሁን። ወጣቶቹን የሚያውቋቸው እናቶች፣ የሰንበቴ ማኅበርና የዕድር ሰዎች ይመስክሩላቸው። ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ወረንጦዋን በመቀነቷ የደበቀች እናት ለወንድ ልጅ አታሳየውም። የአብነት ተማሪዎችም አይዘንጉ፤ በጎጆ ተጨናንቀው የሚኖሩ በመሆናቸው ተማሪዎችም አስተማሪዎችም መሆን ይገባቸዋል።

ለ. ድርሻ። ለሁለት ወጣቶች ከ20 ያልበለጠ ቤት ይሰጥ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላከ (ማር. 6፥7) እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው በቀን ይሂዱ። ሥራቸው ማስተማርና ወደ ጤና ኬላ መምራት ነው። መድኃኒት መስጠት፣ ፀጉር መንቀል፣ ቅባት ከቤት ወደ ቤት ማዘዋወር የእነርሱ ሥራ አይደለም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቀድሞውንም ብዙ ጫና አለባቸው፤ ወጣቶቹ አጋዦቻቸው እንጂ ተፎካካሪዎቻቸው እንዳይሆኑ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከእነርሱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሐ. ጊዜ። አገልግሎቱ መነሻና መድረሻ ይኑረው፤ ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ ሰኔ። ገበሬው እርሻ የማይወጣባቸው የወሩ በዓላት፣ ማለትም ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ለትምህርት የተመቹ ናቸው፤ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ይገኛልና። አጨዳና ዘር በሚጣደፍበት ወቅት ወጣቱን ከቤተሰቡ ሥራ መንጠቅ ግን ቅሬታ ያተርፋል።

መ. ወጪ። በጎ ፈቃድ ማለት ወጪ የሌለው ማለት አይደለም። ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ወጣት የዕለት ምሳ ያስፈልጋል። ይህን አጥቢያው ከራሱ ቢሸፍን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ አበል ሲቆም አገልግሎቱም አብሮ ይቆማል። ለወጣቱ የሚበልጠው ደመወዝ መከበር ነው፤ በጉባኤ ስሙ ይጠራ፣ ይጸለይለት፣ ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ይሰጠው። የእንግዳ መጥፋት በላሊበላ የብዙ ወጣቶችን መተዳደሪያ በጎዳበት በዚህ ዘመን፣ ከአጥቢያው የተሰጠ የታመነ ምስክርነት ለሥራ ፍለጋም ይጠቅማል።

ሠ. መዝገብ። አንድ ደብተር ይበቃል። የተጎበኙ ቤቶች፣ የሃይላንድ መታጠቢያ ያላቸው ቤቶች፣ የተመሩና የታከሙ ሰዎች ቁጥር በየሦስት ወሩ ለሰበካ ጉባኤ ይነበብ። የታከሙትንም ደጋግሞ መጎብኘት ያስፈልጋል፤ የተሠራ ሽፋን አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ይቀለበሳልና።

5. ለካህናት የተለየ አደራ

በመጀመሪያ፣ ጠበልና ሕክምና እንደማይጣሉ በግልጽ ይነገር። በኤች አይ ቪ ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉን ሳይተዉ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ዛሬም አንዲት እናት «ጠበል ላይ ነኝና መድኃኒት አልወስድም» ብትል፣ የወጣቶቹ መቶ ትምህርት የማይፈታውን የነፍስ አባቷ አንድ ቃል ይፈታዋል።

ሁለተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ። ወጣቱ በሰው ቤት ያየውን ሕመምና ችግር ወደ ገበያ እንዳያወጣ፣ ካህኑ ከንስሐ ምስጢር ጋር አነጻጽሮ ያስተምረው።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ከማንኛውም ወገን ክርክር የተለየ ይሁን። አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት በጦርነት ብዙ ተጎድቷል። የጤናው ደብተር ለጤና ብቻ ይዋል፤ መንገድ በማይታመንበት ወቅትም ማንም ወጣት ከአጥቢያው እንዲወጣ አይታዘዝ። የወጣቱ ሕይወት ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሳንሰማው የቀረን ጉርምርምታ የትኛው ነው? የማንስ ነው?

2. ከዚህ በፊት ሠልጥነው የተበተኑ ወጣቶች አሉን? ለምን እንደሄዱ ራሳቸውን ጠይቀናቸዋል?

3. በአጥቢያችን ወረንጦ የያዙ እናቶች ስንት ናቸው? ወደ ሕክምና እንዳይሄዱ የሚከለክላቸውስ ምንድን ነው?

4. ሰው ለመምራት ሲሉ ከትምህርት የቀሩ ልጆች አሉ? ተራ ገብቶ ሊያግዛቸው የሚችልስ ማን ነው?

5. ያለ ምንም የውጭ ድጋፍ በሚመጡት ሦስት ወራት ልንጀምረው የምንችለው አንድ ሥራ ምንድን ነው?

ማጠቃለያ

አበው ሲነግሩን፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር። ከዚህ ትውፊት የምንማረው የእግዚአብሔር ረድኤት የሚመጣው ሰው የቀኑን ድርሻ በሠራበት ቦታ መሆኑን ነው። የእኛ የቀን ድርሻ ትንሽ ናት፦ አንድ ጣሳ ውኃ፣ አንድ ደብተር፣ በጉባኤ የተመሰከረላቸው ጥቂት ወጣቶች፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር አንድ ቃል። የገና እንግዶች ሲሸኙ ሳፋው አይሰቀል፤ በየአጥቢያው የሚጠብቁት ሕፃናት አሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።